ሳይሸጡ ቤት መልቀቅ

ሳሪስ ላይ ቤቱን ለባንክ አስይዞ ዕዳው የጠናበት ሰው ምርጫው ጥቂት ነው፤ የመክፈያ ጊዜ እንዲራዘምለት መለመን፣ ባንኩን አስፈቅዶ ራሱ ገዥ መፈለግ፣ አለዚያም ሐራጁን መጠበቅ። ለዚህ ብዙ ሰው የሚወቅሰው ባንኮች ያለ ፍርድ ቤት እንዲሸጡ የፈቀደውን አዋጅ ቁጥር 97/1990 ነው። እኔ ግን በሩ የጠበበው ቀደም ብሎ፣ በ1967 ይመስለኛል። ከዚያ በፊት ባለዕዳ ቤቱን ሳይሸጥ የሚለቅበት ወለድ አገድ የሚባል መንገድ ነበር። አበዳሪው ቤቱን ተረክቦ ይኖርበታል ወይም ያከራየዋል፤ ጥቅሙ በወለድ ፋንታ ይያዝለታል፤ ዋናው ገንዘብ በተከፈለ ቀን ቤቱ ይመለሳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ከአንቀጽ 3117 ጀምሮ ቦታ ሰጥቶታል። በ1967 ግን አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን በሽያጭም፣ በመያዣም፣ በወለድ አገድም ማስተላለፍ ከለከለ። ሐምሌ ላይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስና ቤት ማከራየትን ከግለሰብ እጅ ሲያወጣ፣ የሰው ቤት ይዞ ወለዱን በኪራይ የሚያነሳ አበዳሪ መቆሚያ አጣ።

ወለድ አገድ ስሙን የቀየረ አራጣ ነው የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ ኪራዩን አበዳሪ እየበላው ባለቤቱ ሌላ ቤት ተከራይቶ ዋናውን ማጠራቀም ይሳነዋል፣ ዓመታትም እንዲሁ ያልፋሉ። ቢሆንም ባለቤትነቱ አይነካም፤ ልጁ እንኳ ከፍሎ ሊያስመልሰው ይችላል። ባንክ የሕዝብ ተቀማጭ ይዞ እንዲህ ሊጠብቅ አይችልም የሚለው መከራከሪያ ይበልጥ ይከብዳል፤ የ1990ውን አዋጅም የወለደው ይኸው ነው። የሐራጅ ማስታወቂያውን ያየ ፍጥነቱን ያውቀዋል፤ በጋዜጣ ሠንጠረዥ ውስጥ የተበዳሪው ስም፣ ወረዳው፣ የቤት ቁጥሩ፣ ካሬ ሜትሩ፣ መነሻ ዋጋው ይደረደራል፤ ተጫራች የመነሻውን ሩብ በሲፒኦ አስይዞ ይቀርባል። በሁለተኛው ሐራጅም ገዥ ከጠፋ ባንኩ በመጀመሪያው መነሻ ዋጋ ሊወስደው ይችላል።

ስለዚህ ከአሮጌው መንገድ የተረፈው አዋጁ ከሐራጅ በፊት እንዲሰጥ ያዘዘው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፤ እሱም ለመመለስ ሳይሆን ለመሸጥ ነው የሚያገለግለው። በዚያ ወር ራሱ ገዥ ያመጣ ዋጋውን ይደራደራል። ቁልፉን አስረክቤ ተገላገልሁ ብሎ የሚተወው ግን የሽያጩ ገንዘብ ዕዳውን ካልሸፈነ ለቀሪው መጠየቁ አይቀርለትም።