ድንኳንና ደን
ስለ መናገሻ ሱባ የቀረበ የታሪክ ማስታወሻ

የኢትዮጵያ ነገሥታት መቀመጫ ለብዙ ዘመን የድንኳን ከተማ እንደ ነበረ የታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ንጉሡ በመካከል፣ መኳንንቱና ሠራዊቱ እንደየማዕርጋቸው በቀኝና በግራ፣ ካህናቱ ከታቦቶቻቸው ጋር፣ ነጋዴውና አንጥረኛው በየሰፈራቸው ሆነው ይከትሙ ነበር። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ «ከተመ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ በጥንት ጊዜ ትርጉሙ ለጦር ሰፈር ይቀርብ ነበር። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. ድረስ በአገራችን የተቀመጠው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዚህን የድንኳን ከተማ አሰፋፈርና ጕዞ በሰፊው ጽፎልናል።

ይህ ከተማ ስለ ምን ከቦታ ወደ ቦታ ይነሣ እንደ ነበር ብንጠይቅ ምክንያቱ ብዙ ነው። ንጉሡ ግብሩን በዓይነት ስለሚቀበሉ እህሉና ከብቱ ወዳለበት ይሄዱ ነበር፤ የሸፈተውን ለመቅጣትና ድንበሩን ለመጠበቅም መንቀሳቀስ ግድ ነበር። ከእነዚህ ምክንያቶች ጋር አብሮ የሚቈጠረው ግን እንጨት ነው። በሺሕ የሚቈጠር ድንኳን ባለበት በሺሕ የሚቈጠር እሳት ይነድዳል፤ እንጀራው ይጋገራል፣ ጠላው ይጠመቃል፣ ብረቱ ይቀጠቀጣል፣ የደጋው ብርድ ይባረራል። በአካባቢው ያለው ዛፍ ሲያልቅ ማገዶ ለማምጣት የሚኬደው መንገድ ከቀን ወደ ቀን ይረዝማል፤ በመጨረሻም ከተማው ይነሣና ዐመድና ጕቶ ከኋላው ይቀራል።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንወደው፣ አገራችን «ቈርጦ ከመነሣት» ልማድ ወደ «ተክሎ መቀመጥ» ልማድ ያደረገችውን ጕዞ በዐይን ለማየት የሚቻልበት አንድ ስፍራ መኖሩን ነው። ይህም ስፍራ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በኦሮሚያ ክልል፣ በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ የመንግሥት ደን ነው።

ወጨጫ ከጠፋ ብዙ ዘመን የሆነው የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው፤ ራሱም ከባሕር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። ከዐዋቂዎች እንደምንሰማውና በብዙ ጽሑፍም ተደጋግሞ እንደምናነበው፣ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ይህ ተራራ ተራቍቶ ባዩ ጊዜ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ ደን ተለቅሞ እንዲመጣና እንዲተከልበት አዘዙ ይባላል። ወፍ ዋሻ በሰሜን ሸዋ ከአንኮበርና ከደብረ ሲና ገደል ሥር እስከ ዛሬ ድረስ ያለ ደን ነው። ይህን ነገር እንደ ትውፊት እንቀበለዋለን እንጂ ጨርሶ የተረጋገጠ ነው ብለን አንምልበትም።

ይሁን እንጂ ትውፊቱ ከታወቀው ታሪክ ጋር እንዴት እንደሚስማማ ልብ ማለት ይገባል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በድንኳን ከሚዞሩት ነገሥታት መካከል ሆነው ሳለ በ1440ዎቹ ዓመታት ደብረ ብርሃንን ቈርቍረው፣ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አሠርተው በአንድ ስፍራ ረግተው ለመቀመጥ የወሰኑ ንጉሥ ናቸው። ወፍ ዋሻም ከደብረ ብርሃን ሩቅ አይደለም። በአንድ ስፍራ ለመቀመጥ የቈረጠ ንጉሥ ስለ ነገው እንጨት ማሰቡ የሚያስደንቅ አይሆንም። ዛሬ ድንኳኑን ነቅሎ ለሚሄድ ሰው ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚደርስ ጽድ ምን ይሠራለታል? ዛፍ መትከል ለመቀመጥ ያሰበ ሰው ሥራ ነው።

ከእርሳቸው በኋላ ግን የመንግሥቱ መቀመጫ እንደ ገና ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን እስኪቈረቍሩ ድረስም ብዙ ዘመን የጸና መናገሻ አልተገኘም። በሸዋ በኩል ይህ ጥያቄ ዳግመኛ የተነሣው በዐፄ ምኒልክ ጊዜ ነው። ምኒልክ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ወጡ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቈረቈረች። ሕዝቡ እየበዛ ሲሄድ በአካባቢው የነበረው ዛፍ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተቈርጦ አለቀና ንጉሠ ነገሥቱ እንደ ጥንቱ ልማድ ከተማውን ለማንሣት አሰቡ። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኝ ስፍራ አዲስ ዓለም የምትባል ከተማ ማሠራት ጀመሩ። የመናገሻ ደን የሚገኘው እንግዲህ ሊለቀቅ በታሰበው ከተማና ሊገባበት በታሰበው ከተማ መካከል ነው።

ከተማው ግን አልተነሣም። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ፣ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ከውጭ አገር አስመጣው የሚባለው ባሕር ዛፍ በአዲስ አበባ መስፋፋት ጀምሮ ነበር። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ይደርሳል፤ ሲቈረጥም ከጕቶው ያቈጠቍጣል። ስለዚህ ከተማይቱ ማገዶዋንና ማገርዋን ከደጅዋ አገኘችና ባለችበት ረጋች። ለቤተ መንግሥት ታስቦ የነበረው የአዲስ ዓለም ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ የማርያም ደብርም ተብሎ ይኖራል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በጽድ ሞከሩት የሚባለውን ዐፄ ምኒልክ በባሕር ዛፍ ፈጸሙት ማለት እንችላለን።

ባሕር ዛፍ ከተማይቱን ቢያድናትም የጽድን ሥራ ሁሉ ሊሠራ አልቻለም። ጽድ ምስጥ የማይደፍረው፣ ለቤተ ክርስቲያን ምሰሶና ለቤት ማገር የሚመረጥ እንጨት ነው። አንድ ጊዜ ከተቈረጠ ግን ከጕቶው አያቈጠቍጥም፤ ለመድረስም የሰው ዕድሜ ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ የጽድ ደን የሚኖረው ትውልድ ለትውልድ እየተቀባበለ ሲተወው ብቻ ነው። ከመትከል መተው ይከብዳል፤ የመትከል ትእዛዝ በአንድ ቀን ይፈጸማል፣ የመተው ትእዛዝ ግን ዕለት ዕለት መፈጸም አለበትና።

መንግሥት ይህን ዕለታዊ ጥበቃ በሕግ ለማጽናት ብዙ ደክሟል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1965 የመንግሥት ደንን፣ የግል ደንንና ለጥበቃ የሚከለል ደንን የሚመለከቱ ዐዋጆች ወጡ። በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። በ1986፣ በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የደን ዐዋጆች በተከታታይ ወጥተዋል። የ1999ኙ ዐዋጅ የመንግሥትና የግል ደንን ብቻ ሲያውቅ፣ የ2010ሩ የማኅበረሰብ ደንንና የማኅበር ደንን ጨምሮ ዐውቋል። ይህ ለውጥ በቃል ደረጃ ትንሽ ይመስላል፤ ለመረመረው ግን የአምስት መቶ ዓመት ትምህርት አለበት። ደንን ንጉሥ ሊያስተክለው ይችላል፤ የሚጠብቀው ግን ጎረቤቱ ነው። ጎረቤቱ ደኑን የሌላ ሰው ንብረት አድርጎ ካየው፣ ዘበኛው ዘወር ባለ ቍጥር መጥረቢያው ይሰማል። በመንግሥት ለውጥ ሰሞን በልዩ ልዩ የአገራችን ክፍል ደኖች መጨፍጨፋቸውን በዕድሜ የገፉት አንባቢዎቻችን አይዘነጉትም።

ይህን ነገር በመጽሐፍ ካነበብን በኋላ በዐይናችን ለማየት ስለ ፈለግን በኅዳር ወር ከሥራ ጓደኞቻችን ጋር በጅማ መንገድ በሰበታ በኩል ወደ ስፍራው ወጣን። ከደኑ በፊት የሚያጋጥመው የእርሻ አገር ነው፤ ጤፉ ይታጨዳል፣ ስንዴው ተከምሯል፣ በአውድማው ላይ በሬዎች ይሽከረከራሉ። ይህ ማሳ ከደኑ ያነሰ ታሪክ የለውም። በሬ ተጠምዶ፣ በሞፈርና በቀንበር፣ በእርፍና በድግር የሚታረስበት ጥበብ ብዙ ዘመን ነገሥታቱን ከነሠራዊታቸው የመገበ ነው። ከዕቃዎቹ መካከል ከማረሻውና ከወገሉ በቀር ዋናዎቹ ሁሉ ከእንጨት የሚሠሩ መሆናቸውን ልብ ይሏል። ደን ከሌለ ሞፈር የለም፤ ሞፈር ከሌለ እርሻ የለም።

በመንገድ ዳር ያገኘናቸውን አንድ ሽማግሌ ሰላምታ ሰጥተን «አባታችን፣ ይህን ሞፈር ከምን እንጨት አሠሩት?» ብለን ጠየቅናቸው። «ከባሕር ዛፍ ነው ልጆቼ፤ ከጓሮዬ የቈረጥሁት ነው። በአባቴ ጊዜ ከላይ ከጫካው ይመጣ ነበር፤ ያ ይጠነክራል፣ ይኸኛው ቶሎ ይሰበራል» አሉን። ጫካው በመከልከሉ ይከፉ እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው፣ ምንጫቸው የሚወርደው ከዚያው ስለ ሆነ ጫካው ቢያልቅ እንደማይወዱ፣ ነገር ግን ከሚጠብቁት ነገር ጥቂት ድርሻ ቢኖራቸው ጥበቃው እንደሚጸና በትሕትና ነገሩን። ከወጨጫ የሚወርዱት ምንጮች ወደ አዋሽ የሚገቡ ናቸውና የእኒህ ሽማግሌ ነገር እስከ ታችኛው ቈላ ድረስ የሚመለከት ነው።

ሌላም ነገር አየን። በየቤቱ ግድግዳ አጠገብ ኩበት ተከምሯል። እንጨት ባጠረበት አገር ገበሬው ለማሳው ሊሆነው የሚገባውን ፍግ ለማገዶ ያነድደዋል። መሬቱም ምግቡን ስለሚያጣ ምርቱ ይቀንሳል፤ ምርቱ ሲቀንስ ተጨማሪ መሬት ለማረስ ወደ ደኑ ዳር ይገፋል። ስለዚህ ደንና እርሻ ተቃራኒዎች ናቸው የሚለው አሳብ ስሕተት ነው። የደኑ መጥፋት ማሳውን ያስርባል፤ የማሳው መራብም ደኑን ይበላል።

ከእርሻው በላይ ወጥተን ወደ ደኑ ስንገባ ብርሃኑም አየሩም ተለወጠ። ከታች ጽድ፣ ወይራና ዝግባ ይበዛሉ፤ ከእነርሱ በላይ ኮሶ ይታያል፤ ወደ ተራራው ራስ ሲቀርቡ ዛፉ እያጠረ ይሄድና አስታ ይተካዋል። ጉሬዛ በቅርንጫፍ ላይ ይዘልላል፤ በምኒልክ ስም የተጠራው ጥቍሩ ድኩላም በዚህ ደን ይኖራል። የእግር መንገዶቹ አጭሩም ረጅሙም ስላሉ ሕፃንም ሽማግሌም እንደ ዐቅሙ መርጦ ሊሄድ ይችላል። መንገድ መሪ ይዞ መሄድ ግን ይሻላል፤ መንገድ መሪው የዛፎቹን ስም ያስተምራልና። በመንግሥት ጊዜያት ሁሉ የተተከለው የፈረንጅ ጽድና ባሕር ዛፍም በየረድፉ ቆሞ ይታያል። በረድፍ ከቆሙት ዛፎች ተነሥቶ ረድፍ ወደሌለው ወደ ጥንቱ ጽድ ሲሄድ፣ ሰው ከራሱ ዘመን ወጥቶ ወደ አባቶቹ ዘመን የገባ ይመስለዋል።

ተማሪዎችና ማኅበርተኞች ብዙ ሆነው ድንኳን ተክለው ማደር የሚወዱት እንዲህ ባለው ስፍራ ነው። እኛም ይህን ልማድ እጅግ እንወደዋለን፤ ታሪክን በክፍል ውስጥ ከመስማት ይልቅ ጽዱን በእጅ ዳስሶ መማር ይጸናልና። ነገር ግን ድንኳን የሚተክል ሁሉ የጥንቱን የድንኳን ከተማ ልማድ ይዞ ሊመጣ እንደሚችል ማስታወስ አለበት። ስድሳ ተማሪዎች በአንድ ሌሊት የሚያነድዱት እንጨት ከዚያው ደን የተለቀመ ከሆነ፣ ስለ ደን ጥበቃ የተማሩት ትምህርት በዚያው ሌሊት ዐመድ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መምህራን ከመነሣታቸው አስቀድመው ስለ መንገዱና ስለ ማደሪያው ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ቢጠይቁ፣ ምግቡን የሚያበስሉበትን ምድጃና ማገዶ ከከተማ ይዘው ቢወጡ፣ ከታች ካለው ገበሬም እንቍላሉን፣ ወተቱንና ዳቦውን በተገቢው ዋጋ ቢገዙ መልካም ይሆናል። እንግዳ ሲመጣ የሚጠቀም ገበሬ እንግዳው የሚመጣበትን ደን ይጠብቃል።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ ስም በየክረምቱ ችግኝ ይተከላል። ይህ ለመቀመጥ ያሰበ ሕዝብ ሥራ ስለ ሆነ ሊመሰገን ይገባዋል። የመናገሻ ታሪክ የሚያስተምረን ግን የተተከለውን ቈጥሮ መጻፍ የነገሩ መጀመሪያ መሆኑን ነው። የጽድ ችግኝ ወደ ምሰሶነት የሚደርሰው የዛሬው ሹም ከሥራው ተሰናብቶ፣ የዛሬው ተማሪ ሽማግሌ በሆነ ጊዜ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን መካከል ችግኙን ከፍየልና ከመጥረቢያ የሚጠብቀው የወጨጫ ገበሬ ነው፤ ድርሻውን በጽሑፍ ያገኘ እንደ ሆነ ደግሞ ይበልጥ ይጠብቃል።

የጥንቱ ከተማ በአንድ ስፍራ ከሰነበተ በኋላ እንጨቱን ጨርሶት ስለሚሄድ ወደዚያው ስፍራ ፈጥኖ ሊመለስ አይችልም ነበር። እንግዲህ ወደ መናገሻም ሆነ ወደ ሌላ የአገራችን ደን ለጕብኝት የምንወጣ ሁሉ ራሳችንን ልንመዝንበት የሚገባን ሚዛን ይህ ነው፦ ድንኳናችንን በነቀልንበት ስፍራ በማግስቱ ሌላ ሰው መጥቶ ሊተክልበት ይችላልን? የደኑ ጎረቤትስ በመምጣታችን ደስ ብሎት ዳግመኛ ይቀበለናልን?