የባልቲሞር የረድፍ ቤቶች ታሪክና የእድሳታቸው ተስፋ

ባልቲሞር በአሜሪካ አገር፣ በሜሪላንድ ግዛት የምትገኝ የጥንት ወደብ ናት። ወደዚህች ከተማ የገባ እንግዳ አስቀድሞ የሚያየው የረድፍ ቤቶቿን ብዛት ነው። የረድፍ ቤት ማለት በመንገድ ዳር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተያይዞ የተሠራ፣ ከግራና ከቀኝ ጎረቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት ነው። በእኛ አገር ጎረቤትን ከጎረቤት የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ አጥር ሲሆን፣ በዚያ ግን አንድ የጡብ ግድግዳ ብቻ ነው። እነዚህ ቤቶች እንዴት እንደ ተሠሩ፣ ለምን እንደ ተጎዱና ለመታደስ ምን ተስፋ እንዳላቸው ባጭሩ እንመልከት። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ19ኛው መቶ ዓመት ወደቡ፣ የምድር ባቡሩና ፋብሪካው ብዙ ሠራተኛ ስለ ሳቡ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ መኖሪያ አስፈለገ። ሠሪዎቹ ጠባብ ቤቶችን በአንድ ጊዜ በረድፍ ሲሠሩ መሬትም፣ ጡብም፣ ገንዘብም ይቆጥቡ ነበር። ጡቡ ከዚያው አገር ሸክላ ይሠራ ነበር፤ የደጃፉ ነጭ የእብነ በረድ ደረጃም ከከተማው አቅራቢያ ከኮኪስቪል ይመጣ ነበር። ገዢው የቤቱን ዋጋ ብቻ ከፍሎ ለመሬቱ በየዓመቱ ጥቂት ኪራይ ይሰጥ ስለ ነበር፣ ብዙ የፋብሪካ ሠራተኛ የቤት ባለቤት ለመሆን ቻለ። ደረጃውን ፈትጎ ማንጣት የእመቤቶቹ ኩራት ነበር።

ነገር ግን በዚህ መልካም ሥራ ላይ ትልቅ በደል ተጨመረበት። በ1910 የከተማው ምክር ቤት ጥቁሮች ነጮች በሚበዙበት፣ ነጮችም ጥቁሮች በሚበዙበት መንገድ ገብተው እንዳይኖሩ የሚከለክል ደንብ አወጣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1917 እንዲህ ያለውን ሕግ ቢሽረውም፣ መለያየቱ በሽያጭ ውልና በባንክ ልማድ ቀጠለ። በ1937 በተሣለው የመንግሥት ካርታም ብዙ የጥቁሮች ሠፈሮች ለብድር አደገኛ ናቸው ተብለው ቀይ ተቀቡ። ብድር የተከለከለ ባለቤት ጣራውን በምን ያሳድሳል? በኋላም ፋብሪካዎች ሲዘጉና ገንዘብ ያለው ሰው ወደ ከተማ ዳር ሲወጣ፣ በ1950 949,708 የነበረው ሕዝብ በ2020 585,708 ሆነ። በምዕራቡ ክፍል ደግሞ ለአውራ ጎዳና ሲባል ከ900 በላይ ቤቶች ፈረሱ፤ ጎዳናው ሳይፈጸም ስለ ቀረ ሕዝቡ «የትም የማያደርስ መንገድ» ብሎ ሰየመው።

የረድፍ ቤት ጉዳት ባንዱ ላይ አይቆምም። ወለሉን የሚሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች ከአንዱ የጋራ ግድግዳ ወደ ሌላው የተዘረጉ ናቸው። የባዶው ቤት ጣራ ሲያፈስ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ወለሉ ይወድቃል፣ እርጥበቱም ወደ ጎረቤት ያልፋል። ቤቱ ቢፈርስም፣ ዝናብ እንዲችል ሆኖ ያልተሠራው የጎረቤት ግድግዳ ለዝናብና ለብርድ ይጋለጣል። በ2022 በጥር ወር በእንዲህ ያለ ባዶ ቤት እሳት ለማጥፋት የገቡ ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቤቱ ተደርምሶባቸው ሞቱ።

ታዲያ ምን ተስፋ አለ? ከተማው ከ1973 ጀምሮ ባዶ ቤቶችን በ1 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ገዢው ግን ቤቱን አድሶ እንዲኖርበት ይገደድ ነበር። በስተርሊንግ ጎዳና፣ ቀጥሎም ሊፈርስ ተወስኖበት በነበረው በኦተርባይን ሠፈር፣ ፍርስራሽ የነበረው ሁሉ የተከበረ መኖሪያ ሆነ። ይሁን እንጂ የቤቱ ዋጋ 1 ዶላር ቢሆንም የእድሳቱ ወጪ ብዙ ሺህ ዶላር ስለ ነበር፣ ድኻው ከዕድሉ ብዙም አልተካፈለም። በቅርብ ዘመን በምሥራቅ ባልቲሞር፣ በኦሊቨርና በጆንስተን ስኩዌር ሠፈሮች፣ ነዋሪዎችና ግንበኞች ተባብረው ባዶ ቤቶችን በተከታታይ ማደስ ይዘዋል። በ2023 መጨረሻም ከተማው 13,000 ያህል ለነበሩት ባዶ ቤቶች በ15 ዓመት ውስጥ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚጠይቅ እቅድ አስታወቀ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ቤቶቹን የጣላቸው የጡቡ እርጅና ሳይሆን የሰው አድልዎ መሆኑን ነው። ስለዚህ አንዱን ቤት አሳምሮ ጎረቤቱን መተው እድሳት አይባልም፤ ረድፉ በሙሉ አብሮ መነሣት አለበት። ከሁሉ በፊት ግን በክፉው ዘመን ሠፈሩን ሳይለቁ የቆዩት ሰዎች ብድር ሊያገኙ፣ በታደሰውም ቤት ሊኖሩበት ይገባል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፣ የተያያዘ ቤት የሚጸናው የተያያዘ ሕዝብ ሲኖርበት ነው።