«ተጋላጭ» የሚባለው ማን ነው?

«ተጋላጭ የኅብረተሰብ ክፍል» የሚለው አባባል በእኛ ጆሮ «ምስኪን» ስለሚመስል ብዙዎቻችን አንወደውም። ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። ተጋላጭ የሚባለው ለሁሉም የተዘጋጀው አገልግሎት እሱ ዘንድ ሳይደርስ የሚቀር፣ ችግር ሲመጣም ከሌላው ይበልጥ የሚጎዳ ሰው ነው። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች፣ ሕፃናት፣ አነስተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦችና ቋንቋውን የማይችሉ አዲስ መጤዎች በዚህ ይመደባሉ።

በቶሮንቶ የሚገኘው ቶርንክሊፍ ፓርክ በቀድሞ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ላይ የተሠራ የፎቅ መንደር ነው። ለ12,500 ያህል ሰው ታስቦ ቢሠራም በ2016 እ.ኤ.አ. ቆጠራ 21,108 ነዋሪ ተገኝቶበታል። በ2014 እ.ኤ.አ. ከተማው 140 መንደሮቹን ከሥራ አጥነት እስከ ስኳር በሽታ በሚደርሱ 15 መለኪያዎች መዝኖ ልዩ ትኩረት ይሻሉ ካላቸው 31 መንደሮች አንዱ አድርጎታል።

መንደር መለካት ግን ሰውን መለየት አይደለም። ነሐሴ 2003 እ.ኤ.አ. መብራት በመላ ቶሮንቶ ሲጠፋ አሳንሰሮች ቆመው ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ደረጃው ለወጣት ድካም ብቻ ነው፤ 15ኛ ፎቅ ላይ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ግን እስር ቤት ነው። ሰውን ተጋላጭ የሚያደርገው ዕድሜው ብቻ ሳይሆን የቆመው ነገርም ነው።

የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ የመጡ እናቶቻችንን እንውሰድ። በሱፐር ቪዛ የገቡት በግል የጤና መድን እንጂ በኦንታሪዮ የጤና ካርድ አይታከሙም። ልጃቸው ስፖንሰር ሆኖ ያመጣቸው ደግሞ ካርዱን ቢያገኙም፣ የልጁ የገንዘብ ኃላፊነት 20 ዓመት ይዘልቃል፤ የአረጋውያን ጡረታ ለማግኘትም ቢያንስ የ10 ዓመት ነዋሪነት ይጠየቃል። ቤቱ የሞላ ስለሚመስል «ችግር አለብን» የሚል የለም።

ሁለት ነገሮችን እንወቅ። አንደኛ፣ 211 ደውሎ የቋንቋውን ስም መናገር ብቻ በቂ ነው፤ አስተርጓሚ ያገናኛሉ፤ አገልግሎቱም ነፃ ነው። ሁለተኛ፣ በቶሮንቶ ደንብ መሠረት የትልልቅ የኪራይ ፎቆች ባለቤቶች በአደጋ ጊዜ ወይም መብራትና ውኃ ሲቋረጥ እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ተከራዮች በፈቃዳቸው የሚመዘገቡበት ዝርዝር ሊኖራቸው ይገባል። ዛሬ ማታ የእናትዎ ስም እዚያ መኖሩን ይጠይቁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።