ቁጥር አራት መንገድ



በመጠለያችን ስለ መንገድ የማያወራ የለም፤ ማን በየት በኩል እንደመጣ፣ የትኛው ኬላ ላይ እንደተያዘ። እኛም ዛሬ የአንድ መንገድ ታሪክ ልናወጋችሁ ወደድን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መንገድ ቁጥር የሚሰጠው መንገደኛው የአገሩን ቋንቋ ባያውቅም እንዳይጠፋ ነው። በአውሮፓ፣ በ1975 ጄኔቭ ላይ በተደረገው ስምምነት መሠረት፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚዘረጉ ዋና መንገዶች ኢተጋማሽ ቁጥር፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚዘረጉት ደግሞ ተጋማሽ ቁጥር ይይዛሉ።

የአፍሪካ ዕቅድ የተጠነሰሰው በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ መቀመጫውን አዲስ አበባ ባደረገው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ነው። ዘጠኝ መስመሮች ከ1 እስከ 9 ተቆጠሩ፤ ድምር ርዝመታቸው ከ56 ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ቁጥር 6 ከንጃሜና ጅቡቲ፣ ቁጥር 8 ከሌጎስ ሞምባሳ ይደርሳል። የኛ ቁጥር 4 ነው። ከካይሮ ተነሥቶ፣ በካርቱም አልፎ፣ በመተማ ይገባል፤ በጎንደር፣ በአዲስ አበባና በሞያሌ አድርጎ ወደ ናይሮቢ፣ ከዚያም ወደ ሉሳካ ይወርዳል።

ታዲያ መጨረሻው የት ነበር? ጋቦሮኔ! ኬፕታውን አልነበረም። ደቡብ አፍሪካ ያኔ በአፓርታይድ ሥር ስለነበረች መስመሩ ደጃፏ ላይ ቆመ። በ1994 ያ ሥርዓት ካከተመ በኋላ ነው መስመሩ እስከ ኬፕታውን የተራዘመው። ልብ በሉ፤ ደቡብ አፍሪካ አስፋልት አላጣችም ነበር፤ የጎደላት ፍትሕ ነበር።

የሞያሌን መንገድ ደግሞ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው ለአሥርተ ዓመታት ጠጠርና አቧራ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ አስፋልት የለበሰው በ2010ዎቹ ነው። በሰሜን በኩል ግን፣ ከ2023 ጀምሮ የሱዳን ጦርነት ያንኑ ቁጥር 4 ቆርጦታል።

ከዚህ የምንገነዘበው አንድ ነገር ነው። ጭቃን ግሬደር ይጠርገዋል፤ መንገድን ለረጅም ጊዜ የሚዘጋው ግን የሰው ሥራ ነው። የሰው ሥራ ከሆነ ደግሞ፣ በጋቦሮኔ እንዳየነው፣ ሰው ይከፍተዋል።

ቁጥር 4 ድንበር ሲሻገር ወረቀት አይጠየቅም፤ እኛ እንጠየቃለን። ቢሆንም ለልጆቻችን ካርታ ስንስል መስመሩን ኬላው ላይ አናቁመው፤ እስከ ዳር እናድርሰው።