የአዳኙ የፍሬድሪክ ሴሉስ መታሰቢያ
ነሐስ፤ ቀራፂው ዊሊያም ሮበርት ኮልተን፤ እ.ኤ.አ. 1920

በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የቆመው ይህ ከወገብ በላይ የተቀረጸ ምስል፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ጠመንጃውን በእጁ ይዞ የሚታየውን ስመ ጥሩውን አዳኝ ፍሬድሪክ ኮርትኒ ሴሉስን ይዘክራል። ወዳጆቹ ገንዘብ አዋጥተው ይህን ሐውልት ያሠሩለት ስለ ገደላቸው አራዊት ብዛት ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1909 የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ለአደን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሲጓዝ ዝግጅቱን በምክር የረዳው፣ የአደን ዜናውንም ሲተርክ ሰሚውን የሚያስመሽ፣ ትሑትና እውነተኛ ባልንጀራ ስለ ነበረ ነው እንጂ።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ስለ ዕድሜው ቢከለከልም አጥብቆ ለምኖ ዘመተ፤ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 1917፣ ዛሬ ታንዛኒያ በምትባለው አገር፣ ቤሆ ቤሆ በተባለ ስፍራ በጥይት ተመቶ ሲወድቅ 65 ዓመቱ ነበረ፤ የተቀበረውም በዚያው ነው። ለመወደዱ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክርነት፣ በእኛ አስተያየት፣ ከጠላቱ አንደበት የወጣው ነው፤ የጀርመኑ ጦር አዛዥ ፎን ሌቶው ፎርቤክ በጦርነት ትዝታው ውስጥ፣ ሴሉስ በጀርመኖችም ዘንድ በደግ ጠባዩና ልብ በሚሰቅል ትረካው የታወቀ እንደ ነበረ ጽፎለታል።

በዘመኑ ሁሉ የሰበሰባቸውን የአራዊት ራሶችና ቀንዶች መበለቲቱ ለዚሁ ሙዚየም አበርክታለች።