ከመጀመሪያው ምርመራ በፊት የሚያልቅ ሥራ፦ የጽንስ አፈጣጠር፣ የእናት ሰውነት ለውጥና የፎሌት ጥያቄ በኢትዮጵያ

በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንደሚያሳየው፣ ከጥናቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ከወለዱ ሴቶች መካከል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የእርግዝና ክትትል የጀመሩት 20 በመቶ ነበሩ። በ2019ኙ አነስተኛ ዳሰሳ ቁጥሩ ወደ 28 በመቶ ከፍ ብሏል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህ አኃዝ ብዙውን ጊዜ የሚነበበው የአገልግሎት ሽፋን መለኪያ ተደርጎ ነው። ከጽንሱ አፈጣጠር የቀን አቆጣጠር ጎን ሲቀመጥ ግን ሌላ ነገር ይናገራል፤ በጊዜ መጡ የምንላቸው 28 በመቶዎቹም አብዛኞቹ ዘግይተዋል።

ሐኪም እርግዝናን የሚቆጥረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ነው። የጽንስ ተመራማሪ ግን ዕንቁላሉ ከወንዴው ዘር ጋር ከተዋሐደበት ቀን ይነሣል። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል የሁለት ሳምንት ያህል ልዩነት አለ፤ ለዚህ ጽሑፍ ወሳኝ ስለሆነ የጽንሱን አፈጣጠር በሁለተኛው፣ የእናቲቱን የእርግዝና ሳምንታት ደግሞ በመጀመሪያው እንቆጥራለን። በስድስተኛው ቀን ገደማ ሽሉ ከማህፀን ግድግዳ ጋር መጣበቅ ይጀምራል። በሦስተኛው ሳምንት ሦስት የሕዋስ ንብርብሮች ይለያሉ። ከላይኛው ንብርብር የሚወጣው ጠፍጣፋ የነርቭ ገበታ ጠርዞቹን አንሥቶ ይታጠፍና ቱቦ ይሆናል። መገጣጠሙ በ22ኛው ቀን አካባቢ በአንገት ሥፍራ ይጀምራል፣ ከዚያ ወደ ላይም ወደ ታችም ይቀጥላል። የራስ በኩሉ ጫፍ በ25ኛው፣ የታችኛው ጫፍ ደግሞ በ28ኛው ቀን ገደማ ይዘጋል። ልብም መምታት የሚጀምረው በዚሁ ሰሞን ነው።

የላይኛው ጫፍ ሳይዘጋ ከቀረ አንጎልና የራስ ቅል በአግባቡ ስለማይፈጠሩ ሕፃኑ በሕይወት አይቆይም። የታችኛው ሳይዘጋ ሲቀር ኅብለ ሰረሰር ተጋልጦ ይወለዳል፤ ስፓይና ቢፊዳ የሚባለው ይህ ነው። እግር መስነፍ፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ በብዙዎቹም ላይ በጭንቅላት ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀም ይከተላል። አዲስ አበባ ውስጥ በሕፃናት የነርቭ ቀዶ ሕክምና ክፍል የሠራ ሁሉ ወረፋውን ያውቀዋል።

28ኛው ቀን በወር አበባ ቆጠራ የስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ነው። ዑደቷ የተስተካከለ ሴት በዚያ ቀን ወር አበባዋ ከቀረ ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። ብዙዎች ይህን ጊዜ የሚያሳልፉት «ዘገየ እንጂ ይመጣል» እያሉ ነው። ያወቀችውም ብትሆን ሆዷ ሳይገፋ ማርገዟን ማውራት በብዙ አካባቢ ነውር ወይም ለክፉ ዓይን መጋለጥ ተደርጎ ስለሚታይ ዝም ትላለች። ስለዚህ በሦስተኛው ወር ጤና ጣቢያ ደርሳ የምትቀበለው የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን ለደም ማነስ ይጠቅማታል፤ የነርቭ ቱቦውን በተመለከተ ግን ያለፈ ነገር ነው።

ፎሌት የሚያስፈልገው ሕዋስ በተከፈለ ቁጥር አዲስ ዲኤንኤ ስለሚሠራ ነው፤ በዚያ አንድ ወር ደግሞ ሕዋሳት በፍጥነት ይራባሉ። የዕውቀቱ ታሪክ የሚጀምረው ከእናቲቱ ደም ነው። ሉሲ ዊልስ በ1931 በቦምቤይ በእርጉዝ ሴቶች ላይ የሚታየው አንድ ዓይነት ብርቱ የደም ማነስ በእርሾ ውህድ እንደሚድን አሳየች። ፈዋሹ ንጥረ ነገር ኋላ ፎሌት መሆኑ ታወቀ። ከጽንሱ ጋር ያለው ግንኙነት በማያሻማ መንገድ የተረጋገጠው ግን ከስልሳ ዓመት በኋላ፣ በ1991 ነው። የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በሰባት አገሮች ባካሄደው ሙከራ፣ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ጽንስ የነበራቸው ሴቶች ከማርገዛቸው በፊት ጀምሮ በቀን 4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ የመደገሙ ዕድል በ72 በመቶ ቀነሰ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የሃንጋሪ ጥናት ደግሞ ያ ታሪክ በሌላቸው ሴቶች ላይም ከ1 ሚሊግራም ያነሰ መጠን ከሌሎች ቪታሚኖች ጋር እንደሚከላከል አሳየ። ዛሬ የሚመከረው፣ እርግዝና ከመጀመሩ ቢያንስ አንድ ወር በፊት እስከ 12ኛው ሳምንት በቀን 400 ማይክሮግራም ነው። የስኳር በሽታ፣ ቫልፕሮኤትን የመሰሉ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችና የዘር ውርስም ድርሻ ስላላቸው ፎሊክ አሲድ ሁሉንም አይከላከልም።

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች ከ10,000 ወሊድ ከ100 በላይ የነርቭ ቱቦ ክፍተት መዝግበዋል። ወደ ሆስፒታል የሚላከው የተወሳሰበው ወሊድ ስለሆነ ቁጥሩ ለመላው አገር እንዳለ አይወሰድም፤ ያም ሆኖ ዱቄታቸውን በፎሊክ አሲድ ካበለጸጉ አገሮች መጠን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አንዳንዶች ጣታቸውን በጾም ላይ ይቀስራሉ። እኔ አልስማማም። ምስር፣ ሽምብራና ጎመን ፎሌት ከሚገኝባቸው ምግቦች ዋናዎቹ ናቸው፤ ጾም የሚያሳጣው ይልቁንም ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚገኘውን ቫይታሚን ቢ12 ነው። የምግብ ፎሌት ግን በሙቀት ይጠፋል፣ በማብሰያው ውሃ ይወጣል። ሁለት ሰዓት የተንተከተከ ጎመን ከማሳው ያመጣውን ሁሉ ይዞ ገበታ ላይ አይደርስም።

የእናቲቱ ሰውነት በበኩሉ ሆዷ እስኪገፋ አይጠብቅም። በስምንተኛው ሳምንት ልቧ በደቂቃ የሚረጨው ደም በአምስት እጅ አንዱን ያህል ጨምሯል፤ ኩላሊቷም የሚያጣራው መጠን ወደ 50 በመቶ ጭማሪ እያመራ ነው። ፕሮጄስትሮን አተነፋፈሷን ጥልቅ ስለሚያደርገው ዳገት ሳትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። የደሟ መጠን እስከ 50 በመቶ ያድጋል፤ ነገር ግን ውሃማው ክፍል፣ ፕላዝማው፣ ከቀይ ሕዋሳቱ ፈጥኖ ስለሚያድግ ሄሞግሎቢኗ ይወርዳል። መለስተኛው መውረድ የጤና ምልክት ነው፤ ጨርሶ የማይወርድ ሄሞግሎቢን ከአነስተኛ ክብደት ካለው ልጅ ጋር ተያይዞ ይታያል። በአገራችን አንድ ነገር ይጨመራል። የደም ማነስ መለኪያ እንደ መሬት ከፍታ ይታረማል፤ ሆኖም ሲንቲያ ቢል እና ባልደረቦቿ በ2002 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሄሞግሎቢን በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኝቷል። ለአንዲስ ተራሮች ሰዎች የሚስማማ እርማት የደጋ እናትን በሐሰት ደም አነሳት ሊያሰኝ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

የአዮዲንም ነገር ከፎሌት ጋር አንድ ነው። የጽንሱ እንቅርት ዕጢ እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ሆርሞን አያመርትም። እስከዚያ አንጎሉ የሚሠራው በእናቲቱ ታይሮክሲን ነው፤ እርሷም ይህን ለማሟላት ምርቷን በግማሽ ያህል መጨመር አለባት። በአዮዲን ደሃ የሆነ አፈር ያበቀለውን ስትመገብ የኖረች ሴት ያንን ከምን ታመጣለች? አገሪቱ ይህን ተረድታ በ2011 የገበታ ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ አስገድዳለች። ጥያቄው እርጉዟን ሳይሆን ጨውን ተከትሎ በመሄዱ ነው መልስ ያገኘው።

ለፎሌትም መንገዱ ያው ይመስለኛል። በ2022 የስንዴ ዱቄትን በፎሊክ አሲድና በሌሎች ንጥረ ነገሮች ማበልጸግ ግዴታ ሆኗል። ለከተማ ዳቦ በላተኛ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ጤፏን፣ በቆሎዋን ወይም ማሽላዋን በቀበሌዋ ወፍጮ ቤት ለምታስፈጭ ሴት ግን ፋብሪካው አይደርስም። ጨው ግን ሁሉም ቤት ይገባል፤ አዮዲንንና ፎሊክ አሲድን አጣምሮ የያዘ ጨው በኢትዮጵያ እየተጠና ያለውም ለዚህ ነው። እስከዚያው ጥንዶች ከሠርግ በፊት ደማቸውን ለመመርመር የሚመጡበት ቀን፣ የእርግዝና መከላከያዋን ልታቆም የመጣች ሴት የምትቀመጥበት ወንበርና የሕፃናት ክትባት ቀጠሮ ክኒኑን ለማዳረስ ከእርግዝና ክትትል ክፍል የተሻሉ ቦታዎች ናቸው።

ከሁሉ በፊት ግን በየሆስፒታሉ ያሉ የሥራ ባልደረቦቼን የምለምነው አንድ ነገር አለ። የነርቭ ቱቦ ክፍተት ያለበት ልጅ የወለደች እናት ቀጣዩ እርግዝናዋ ከሌላ ሴት በብዙ እጥፍ ለአደጋ የተጋለጠ ነው፤ የ1991ዱ ሙከራም የተደረገው በእንደ እርሷ ባሉ ሴቶች ላይ ነው። ልጇ ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትም ባይደረግለትም፣ ከቀጣዩ እርግዝና በፊት ጀምራ የምትወስደው በቀን 4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ እንደሚያስፈልጋት በመውጫ ወረቀቷ ላይ ሳይጻፍላት ወደ ቤቷ አትሸኟት።