በእንግሊዝኛ ተምረው በአማርኛ የገጠሙ

ስድስት ኪሎ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ስማር፣ ከሼክስፒር ይልቅ ልቤን የያዘው የቀደምት ተማሪዎች ታሪክ ነበር። በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያስተምር የነበረው በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪዎቹ «የኮሌጅ ቀን» በሚባለው በዓል መድረክ ላይ ሲወጡ ግን በአማርኛ ይገጥሙ ነበር! ገጣሚው ታምሩ ፈይሳ በ1953 ዓ.ም. «ደሀው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን ያነበበው እዚያ ነው።

ደራሲው ዳኛቸው ወርቁ ደግሞ ሁለቱንም ቋንቋ ይዞ ዘለቀ። «አደፍርስ» የተባለ ልብ ወለዱን በ1962 ዓ.ም. በአማርኛ አሳተመ፤ የታመመ አባት ከልጆቹ ጋር ወደ ዝቋላ ሲጓዝ የሚተርከው «አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» ደግሞ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በ1973 እ.ኤ.አ. ታተመ። ጎን ለጎን ዘርግቼ ባነበብኳቸው ጊዜ ስለ አጻጻፍ ከየትኛውም ክፍል የበለጠ ተማርኩ። አማርኛው በተረትና ምሳሌ ይጠማዘዛል፤ እንግሊዝኛው ቁጥብ ነው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ሆይ፣ ሁለቱንም አብራችሁ አንብቡ።